ከውድቀቱ ሰዓት ቀድሞ መጸለይ፦ ሥራ ላለው ምእመን የጸሎት ሥርዓት አያያዝ

ሰውየው ጾሙን ይጾማል፣ እሑድ ያስቀድሳል፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ እስከ «እትዉ በሰላም» ድረስ ይቆማል። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ደንበኛ ሱቁ ገብቶ ጠጋ ብሎ «ያለ ደረሰኝ ስንት ይሆናል?» ሲለው ግን ዋጋውን ለመንገር አፍታ አይፈጅበትም። ግብዝ ስለሆነ አይደለም። ጠዋት ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ አገር ሰላም ለምኗል፤ ስለዚያ ደንበኛ አንዲት ቃል አላነሣም። ጸሎቱ አንድ ቦታ፣ ፈተናው ሌላ ቦታ ቀሩ።

የሚከተለው አሠራር ሁለቱን የሚያገናኝ ነው። የተዘጋጀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚጸልይና ቀኑን በሥራ ለሚያሳልፍ ምእመን ነው። ገዳም ያለ ሰው የራሱ ሥርዓት አለው።

መነሻው ጌቴሴማኒ ነው። ጴጥሮስ በዚያች ማታ «ሁሉም ቢሰናከሉ እኔ አልሰናከልም» ያለው ዋሽቶ አልነበረም፤ ጌታውን ይወድ ነበር፣ ሰይፍም መዟል። «ወደ ፈተና እንዳትገቡ ትጉና ጸልዩ» በተባለበት ሰዓት ግን ተኝቶ ተገኘ፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ከዚያ በሊቀ ካህናቱ ግቢ አንዲት ገረድ ስትጠይቀው ያ ሁሉ ድፍረት የት እንደገባ አልታወቀም። ትእዛዙ «ፈተናው ሲመጣ ጸልዩ» አላለም፤ «እንዳትገቡ» ነው ያለው። የጸሎቱ ሰዓት ከፈተናው ሰዓት ይቀድማል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህችን አንድ ነገር በዕለት ኑሮ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

1. የሚወድቁበትን ሰዓት ይወቁ

ለሰባት ቀን አንዲት ብጣሽ ወረቀት ኪስዎ ይያዙ። ኃጢአቱን አይጻፉ፤ ወረቀት ይወድቃል፣ ሰው ያነበዋል። ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮዎት የነበረውን ሰው (ወይም «ብቻዬን»)። ማታ ማታ አንድ መስመር ይበቃል። በስምንተኛው ቀን ወረቀቱን አይተው ይቅደዱት።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሃያ ዓይነት ኃጢአት ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ነው፤ ያው ሰዓት ይደጋገማል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር «ትዕቢት»፣ «ፍቅር ማጣት» ብሎ መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ስም ለስብከት ይመቻል፣ ለልመና ግን መያዣ የለውም። «ማክሰኞ 9 ሰዓት ተኩል፣ ሱቅ፣ የጅምላ ገዢው» የሚል መስመር ግን በቀጥታ ወደ ጸሎት ይገባል።

2. ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ

የጸሎቱን መጠን ለራስዎ አይደንግጉ። ራሱን ያዘዘ ሰው ደስ ባለው ቀን ይጨምራል፣ በደከመው ቀን ይሰርዛል፤ ሁለቱንም የሚያደርገው እንደ ስሜቱ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው በጸሎቱ ውስጥ መታዘዝ የሚባል ነገር የለም። የንስሐ አባት ከሌለዎት ወደ አጥቢያዎ ሄደው ከጠዋቱ ኪዳን በኋላ አንዱን ካህን ያነጋግሩ፣ ወይም የሰበካ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ሲቀርቡ የሚከተለውን ይንገሯቸው፦ ስንት ሰዓት እንደሚነሡና ከቤት እንደሚወጡ፣ ግእዝ ማንበብ እንደሚችሉ ወይም እንደማይችሉ፣ ስግደት የሚከለክል የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም ካለ፣ እና ከወረቀቱ ያገኟቸውን ሁለት ሦስት ሰዓቶች። የሰጡዎት ከአቅም በላይ ከመሰለዎት ከመቀበልዎ በፊት እዚያው ይናገሩ፤ «እሺ አባቴ» ብሎ ወጥቶ ከሳምንት በኋላ መተው ከሁሉ የከፋው ነው። ከተቀበሉ በኋላ አይጨምሩም፣ አይቀንሱም።

አንድ ነገር አያምታቱ። ከኑዛዜ በኋላ የሚሰጥ ቀኖና የተወሰነ ጊዜ አለውና ያልቃል። የዘወትር ጸሎት አያልቅም። ሁለቱን አንድ ያደረገ ሰው ቀኖናውን በጨረሰ ማግሥት ጸሎቱንም ያቆማል፤ በዐቢይ ጾም በርትቶ ከትንሣኤ በኋላ የሚጠፋው አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚጠፋው። በውጭ አገር ላሉና ካህናቸው ሩቅ ለሆነባቸው ደግሞ፣ ምክሩን በስልክ መቀበል ይቻላል፤ ኑዛዜውን እንዴትና መቼ እንደሚያደርጉት ግን ራሳቸውን ካህኑን ይጠይቋቸው።

3. ቦታውን ያዘጋጁ

ፊት ወደ ምሥራቅ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምሥራቅ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ ካላወቁ በስልክዎ ኮምፓስ አንድ ጊዜ አይተው ምልክት ያድርጉ። ሥዕለ አድኅኖ (የጸሎት ቅዱስ ሥዕል) ካለዎት በዚያ በኩል ይስቀሉ። ጫማ ይወልቃል፣ ፊትና እጅ ይታጠባል፣ ነጠላ ይለበሳል። ጧፍ የሚያበሩ ከሆነ ከመጋረጃ አርቀው በብረት ሳሕን ላይ ያቁሙት፤ ወደ ሥራ ሲወጡ መጥፋቱን ያረጋግጡ።

መጽሐፉ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን ያለበት ቢሆን ይመረጣል። በስልክ የሚጸልዩ ከሆነ ኢንተርኔቱንም ጥሪውንም ይዝጉ። ስልኩ ላይ የመልእክት ድምፅ «ጭው» ካለ ውዳሴ ማርያሙ በአፍ ይቀጥላል፣ ልብ ግን ሄዷል። የታተመውን መጽሐፍ የምንመክረው ለዚህ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለንም።

4. የጠዋቱ ጸሎት

ከወትሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይነሡ። ይህ የሚወሰነው ጠዋት ሳይሆን ማታ ነው፤ 6 ሰዓት ሌሊት ላይ ተኝቶ 11 ሰዓት ለመነሣት መሳል ሥጋን መፈታተን ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ቆመው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» እያሉ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ያማትቡ። ንስሐ አባትዎ ባዘዙት መጠን ይስገዱ፤ ለጀማሪ ሦስት ብዙ ጊዜ ይበቃል። በቅዳሜና በእሑድ፣ በጌታ ዐበይት በዓላት፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት እና በቆረቡበት ዕለት ስግደት የለም፤ ራስን ዝቅ ማድረግ በቂ ነው።

ከዚያ ጸሎተ ዘወትር ይደርሳል፤ ሳይሮጡ ካነበቡት 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም (ለየቀኑ የተከፈለው የእመቤታችን ምስጋና)። ከዚያ አንድ መዝሙር ከዳዊት፤ ይህንን በሚገባዎት ቋንቋ፣ በዝግታ ያንብቡት። ከመዝሙሩ በኋላ በራስዎ ቃል ስለዚያች ሰዓት ይለምናሉ (ቁጥር 5ን ይመልከቱ)። በመጨረሻ አቡነ ዘበሰማያት፣ ከዚያም «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በታዘዙት ቁጥር፤ በመቁጠሪያ 41 የሚሉ ብዙ ናቸው።

ሁሉም ተደምሮ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ታክሲ ሰልፍ የሚያስረፍድበት ቀን ይኖራል። ለእንደዚህ ያለው ቀን አጭሩን ሥርዓት ንስሐ አባትዎን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በዚያው ጠዋት በር ላይ ቆሞ መቀነስ የመተው መጀመሪያ ነው።

እናቶችና እኅቶች ደጋግመው የሚጠይቁት አለ፦ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት በቤቷ መጸለይ አትከለከልም። በየወሩ አንድ ሳምንት ጸሎት የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው፤ ሥርዓታቸው ሥር የማይሰደው በዚህ ነው።

5. ሰዓቷን በስሟ ጠርተው ይለምኑ

የአሠራሩ እምብርት ይህ ነው፤ ሌላው ቢዘነጋ ይህ አይዘንጋ። በራስ ቃል የሚደረገው ልመና አምስት ክፍል አለው፦ ሰዓቱ፣ የሚገጥመው ነገር፣ የሚያስፈራዎት ወይም የሚያጓጓዎት እውነተኛ ምክንያት፣ ትእዛዙ፣ እና የሚያደርጉት አንድ ነገር። ለነጋዴው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«አቤቱ፣ ዛሬ 9 ሰዓት ላይ የጅምላ ገዢዎቹ ይመጣሉ። ያለ ደረሰኝ እንድሸጥላቸው ይጠይቁኛል። ሽያጩ ካመለጠኝ የቤት ኪራይ ይጎድልብኛል ብዬ እንደምፈራ ታውቃለህ። የቄሳርን ለቄሳር ስጡ ያልኸው አንተ ነህ። ዋጋውን ከነ15 በመቶ ታክሱ ተናግሬ ዝም እንድል ጉልበት ስጠኝ። ገዢው ትቶኝ ቢሄድ ያለ ቂም ልሸኘው።»

ሦስተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። «አቤቱ ሐቀኛ አድርገኝ» ማለት ቀላል ነው፤ «ኪራይ እፈራለሁ» ማለት ግን ራስን ማራቆት ነው። ነጋዴው ስግብግብ ላይሆን ይችላል፣ ፈሪ ነው። ፍርሃቱ ካልተነገረ ልመናው ለሌላ በሽታ የተሰጠ መድኃኒት ይሆናል።

አምስተኛው ክፍል ደግሞ ከ«አሜን» በኋላ እጅ ይፈልጋል። ሱቅ ሲከፍቱ የካሽ ሬጅስተር ማሽኑን አብርተው የወረቀቱን ጥቅል ይዩ፤ «ወረቀት አልቋል» የቆየ ሰበብ ነው። ትርፍ ጥቅል መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ። ከነታክሱ ያለውን ዋጋ በወረቀት ጽፈው ዕቃው ላይ ይለጥፉ፤ በአፍ የሚነገር ዋጋ ይለዋወጣል፣ የተጻፈ ግን ያሳፍራል።

ሌላው የተለመደ ሰዓት ቡና ነው። አቦል ላይ ጤና ይጠየቃል፣ የልጆች ትምህርት ይነሣል። ሐሜቱ የሚመጣው ቶና ላይ ነው፣ ሰው ሲሞቀው፤ በረካ ላይ ሲደርስ ያልተነሣ ጎረቤት አይቀርም። ስለዚህ ጸሎቱ ቡናው ሲቆላ መሆን አለበት። መዝሙር 140 ላይ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር፥ የከንፈሮቼንም መዝጊያ ጠብቅ» የሚለው አንድ መስመር ምጣዱን እያመሱ በልብ ይባላል። የሚደረገውም ነገር አስቀድሞ ይታሰብ፦ የሰው ስም ሲነሣ ስለዚያ ሰው የሚያውቁትን አንድ በጎ ነገር መናገር፣ ካልተሳካ ሲኒ ለማለቅለቅ መነሣት። «ሐሜት አልሰማም» ብሎ መቆጣት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ሐሜተኛውን በማማት ይፈጸማል።

ሦስተኛው ቂም ነው፣ በተለይ በውርስና በቤት የተነሣ የወንድማማቾች ቂም። እዚህ ላይ ልመናው የተጣሉትን ሰው በክርስትና ስም መጥራት ነው፦ «ወንድሜን ገብረ ሚካኤልን አስበው»፣ «እኅቴን ወለተ ማርያምን ማራት»። አጭር ነው፣ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ አልታዘዝ ይላል። «ፍርዱን አሳየኝ» ወደሚል ልመና ሊያመልጥም ይሞክራል፤ ያን ጊዜ ወደ ስሙ ብቻ ይመለሱ። ከዚያ የሚደረገው ነገር አለ፤ ጌታ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሏልና። መጀመሪያ ስልክ፣ ካልሆነ ሽማግሌ፣ ካልሆነ በንስሐ አባት በኩል። የሚደበድብ ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ሰው ከሆነ ግን ይቅር ማለት ወደዚያው ቤት መመለስ ማለት አይደለም፤ ለንስሐ አባትዎም ለሕግም ይንገሩ።

አቡነ ዘበሰማያትን ሲደግሙ ሁለት ቦታ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆም ይበሉ፦ «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» እና «ወደ ፈተና አታግባን» የሚሉት ላይ። የመጀመሪያው ላይ ትእዛዟን ያስቡ፣ ሁለተኛው ላይ ሰዓቷን። ጸሎቱን በልማድ የሚያፈጥኑ ሰዎች በዚህ ብቻ ብዙ ይለወጣሉ።

6. በቀን መካከል ያሉት ሰዓቶች

ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 118 «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ባለው መሠረት። ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ሠለስት 3 ሰዓት፣ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት። ቀትር 6 ሰዓት፣ ጌታ በመስቀል ላይ ሳለ ምድር የጨለመችበት። ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ነፍሱን የሰጠበት። ሠርክ 11 ሰዓት፣ ወደ መቃብር የወረደበት። ንዋም ከመኝታ በፊት፣ መንፈቀ ሌሊት ደግሞ 6 ሰዓት ሌሊት።

ሥራ ላይ ያለ ሰው ሰባቱን በሙሉ መቆም አይችልም፤ አይጠበቅበትምም። ነግህንና ንዋምን በቁሙ ይጸልያል፤ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት ላይ ለእያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ይሰጣል። ስልክዎ ላይ ለሦስቱም ድምፅ አልባ ማስታወሻ ይሙሉ። ሲንቀጠቀጥ በተቀመጡበት በልብ «አቡነ ዘበሰማያት» ይበሉ፣ ቀጥሎ «ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ» ሦስት ጊዜ። መነሣት የለም፣ ከንፈር ማንቀሳቀስ የለም፣ የሥራ ባልደረባ ማወቅ የለበትም። በወረቀቱ ላይ ያገኙት ሰዓት ከሦስቱ ከአንዱ ጋር ካልገጠመ አራተኛ ማስታወሻ ይጨምሩ፤ ከፈተናው 15 ደቂቃ ቀድሞ ይሁን። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ለሚወድቅ ሰው 9 ሰዓት ከሩብ።

ውጭ አገር ያላችሁ በአካባቢያችሁ ሰዓት ጸልዩ። ሠለስት ማለት ጧት ከነጋ 3 ሰዓት ነው፤ ዋሽንግተን ያለ ሰው የአዲስ አበባን ሰዓት እየቆጠረ ገና ሳይነጋ ቀትርን አይጸልይም።

7. ፈተናው በር ላይ ሲቆም

ረጅም ጸሎት የዚህ ጊዜ ሥራ አይደለም። ሦስት ነገር፣ በቅደም ተከተል፦ ማማተብ (ሰው ካለ በአውራ ጣት በደረት ላይ ትንሽ መስቀል)፣ አንድ ቃል («እግዚኦ»)፣ ከዚያ እግር። ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ለጸሎት አልተንበረከከም፤ ልብሱን ጥሎ ሸሸ። ሌሊት በስልክ ለሚፈተን ሰው እግር ማለት ስልኩን ሳሎን ቻርጅ አድርጎ መኝታ ቤት መግባት ነው፤ ለመነሻ ደወል የ«አላርም» ሰዓት ገዝቶ ስልኩን ከራስጌ ማራቅ። በአልጋ ላይ ስልኩን ይዞ «ጠብቀኝ» ማለት እሳቱ ዳር እየሞቁ እንደ ጴጥሮስ መሆን ነው።

8. ማታ

10 ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ ምስጋና፤ ስለዚያች ሰዓት ከሆነ ይሻላል። ካለፏት «አለፍኋት» ሳይሆን «አሳለፍኸኝ» ይበሉ። ይህ የጨዋነት አነጋገር ብቻ አይደለም። «ያለ እኔ ምንም ልታደርጉ አትችሉም» የሚለው ቃል በሥራ የሚታየው እዚህ ነው፤ ድሉን ለራሱ የቆጠረ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ጸሎቱን እንደማያስፈልገው ይቆጥረዋል። ከዚያ መዝሙር 50፣ ከመኝታ በፊት መዝሙር 90። ቃላቸውን ያጠኑ ሰዎች መብራት አጥፍተው ይደግሟቸዋል።

በመጨረሻ የነገዋን ሰዓት ያስቡ። ነገ ማን ይመጣል? የትኛው ስብሰባ አለ? ጠዋት ላይ ለልመናው የሚሆነው ነገር እዚህ ይዘጋጃል፤ አለበለዚያ ጠዋት እንቅልፍና ችኮላ ይውጡታል።

9. የወደቁ ቀን

ይወድቃሉ። አሠራሩ የሚፈርሰው በዚህ ቀን እንጂ በሌላ አይደለም፤ ምክንያቱም ሰው ወድቆ ማታ መቆም ያፍራል። «እንዲህ ሆኜ እንዴት እጸልያለሁ» ይላል፣ አንድ ማታ ይዘላል፣ ጠዋቱም ይከተላል፣ በሳምንቱ ሥርዓቱ የለም። ኃጢአቱ ከወሰደበት ይልቅ ኀፍረቱ ይወስድበታል።

በዚያች ማታ የተለመደውን ጸሎት ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይጸልዩ። ራስን ለመቅጣት መቶ ስግደት መጨመር ንስሐ ይመስላል፤ ግን ሰውየው ራሱን ራሱ ፈርዶ ራሱ ሊፈታ መሞከሩ ነው፤ ቅጣቱ የካህኑ ድርሻ ነው። መዝሙር 50ን በዝግታ ይድገሙ። በማግሥቱ የሚመለስ ነገር ካለ ይመልሱ፦ ያለ አግባብ የተወሰደ ገንዘብ ለባለቤቱ፣ የተዋሸ ቃል ለተዋሸው ሰው። ከዚያ በቅርብ ቀን ወደ ንስሐ አባት።

አጥብቀን የምንናገረው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ጸሎት የመመለስ ምትክ አይሆንም። የሠራተኛ ደመወዝ ይዞ 41 ጊዜ «እግዚኦ» ማለት፣ በስለት ጃንጥላ ማስገባት፣ ሰንበቴ ማብላት ደመወዙን አይከፍልም። ደመወዙ ይከፈል፣ ከዚያ ጃንጥላው ይግባ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሹ ነገሮች

*ሐሳብ መበተን።* የማይበተንበት ሰው የለም። ሲያስተውሉ ወደቆሙበት መስመር ይመለሱ፤ ከመጀመሪያው አይጀምሩ። እየደጋገሙ ከመነሻው የሚጀምሩ ሰዎች ጸሎቱን እንደ ፈተና ወረቀት ይፈሩትና ይተዉታል። የተበተኑበት ነገር ያው ከሆነ (ዕዳ፣ የታመመ ልጅ) በራስ ቃል በሚለምኑበት ጊዜ ያንኑ ያንሡት፤ ተሰምቶ ያርፋል።

*ግእዙን ሳይረዱ ማንበብ።* ግእዙን አይተዉት፣ ግን በሳምንት አንድ ክፍል ብቻ በአማርኛው ትርጉም ያንብቡ። የሰኞው ውዳሴ ማርያም «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ብሎ ሲጀምር አዳምን ነጻ ሊያወጣው ስለመውደዱ መሆኑን ያወቀ ሰው ሰኞን በሌላ ልብ ይጀምራል።

*ፍጥነት።* ዳዊቱን ለመጨረስ የሚሮጥ ሰው ጨራሽ ይሆናል እንጂ ጸላይ አይሆንም።

*ትዕቢት።* «ባለቤቴ አይጸልይም፣ እኔ እጸልያለሁ።» ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል። መድኃኒቱ የቤተሰብ ጸሎት ነው፦ ማታ 10 ደቂቃ፣ አባወራው ወይም እማወራዋ እየመሩ፣ ልጆች አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብለው፣ ሁሉም ቀኑን የበደለውን ይቅርታ ጠይቆ። ልጅ ፊት ይቅርታ የጠየቀ ወላጅ ብዙ አይታበይም።

እየበረቱ ሲሄዱ፣ እና በጾም

ቢያንስ ስድስት ወር ከጸኑ በኋላ፣ ንስሐ አባትዎ ከፈቀዱ፣ ዳዊትን በሳምንት መድገም ይችላሉ። የተለመደው ክፍፍል ሰኞ ከ1–30፣ ማክሰኞ ከ31–60፣ ረቡዕ ከ61–80፣ ሐሙስ ከ81–110፣ ዓርብ ከ111–130፣ ቅዳሜ ከ131–150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ ሰኞ ሦስት ንጉሥ መሆኑ ነው። ለብዙው ሠራተኛ ይህ ከባድ ነው፤ በቀን አንድ ንጉሥ ይዞ በ15 ቀን መጨረስ ያለ ሩጫ ይደረሳል።

ጾም አዲስ ሰዓት ለመጨመር ጥሩ ጊዜ ነው፤ አዲስ ኃጢአት ለመዋጋት ግን አንድ ብቻ ይምረጡ። ረቡዕና ዓርብ 9 ሰዓት ድረስ የሚጾም ሰው ከ7 ሰዓት በኋላ ቁጡ ይሆናል፤ ሆዱ ባዶ ነውና። የሚቆጡበት ሰዓት ወደዚያ ይሸጋገራል ማለት ነው፤ በጾም ቀን ማስታወሻውንም አብረው ያሸጋግሩት። በፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ሰዓታትና ውዳሴ ማርያም የቤቱን ሥርዓት ይደግፋል፤ በዚያ ሰሞን የተጀመረ ሥርዓት ከመስከረም ግርግር በፊት የጥቂት ሳምንታት ልምድ ያገኛል።

ሰዓቷ የራሷ ላልሆነች

በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እኅት ከላይ ያለው ግማሹ አይሆንላትም። መጽሐፍ መያዝ ላይፈቀድላት ይችላል፣ ክፍሏ የራሷ ላይሆን ይችላል፣ እሑድም የሥራ ቀን ነው። ያላት ቃሏና እጇ ነው፤ ይበቃል።

በቃል የምታጠኚው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ መዝሙር 50፣ መዝሙር 90። ከአገር ሳትወጪ የምታጠኚ ከሆነ በቀን ሁለት መስመር ይበቃል። መቁጠሪያ ከሌለሽ ጣትሽ ነው መቁጠሪያሽ፦ ከአውራ ጣት በቀር አራቱ ጣቶች እያንዳንዳቸው ሦስት አንጓ አላቸው፣ 12። በአውራ ጣት አንጓ አንጓውን እየነካሽ ሦስት ዙር 36፣ ከዚያ አምስቱን የጣት ጫፎች፤ 41 «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሞላ። ዕቃ እያጠብሽ፣ ልብስ እየተኮስሽ ይሆናል፤ የሚያይሽ አያውቅም። የሳዑዲ፣ የኩዌትና የኳታር ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። እናትሽ በቀትር ስትጸልይ አብረሽ መጸለይ ከፈለግሽ ሪያድ ላይ የእነሱ 12፣ ዱባይ ላይ 1 ሰዓት ሲል ነው።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ፣ ቤት ያለውም ውጭ ያለውም ሰው፣ ያቺን የሰባት ቀን ወረቀት እንደገና ይያዝ። አንዱ ሰዓት ጠፍቶ ሌላ ሊተካው ይችላል፤ ያንንም ይዞ ወደ ንስሐ አባት ይመለሳል፣ የጠዋቱ ልመናም በአዲሱ ሰዓት ስም ይቀጥላል።